እንግዳው ጨዋታ ሲሄድ ምን ይቀራል? የቅርጫት ኳስ ሊግን ወደ ክልል ከተሞች ስለ መውሰድ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ። በንግግሩ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)



የንግግሬ ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ የመርሐ ግብር ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ይኸውም የአንድ ሊግ ጨዋታዎች በዋናው ከተማ ብቻ ይደረጉ ወይስ ወደ ክልል ከተሞች ይውጡ የሚል ነው። ነገር ግን ጥያቄውን ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ስፖርቱ የማን ነው ወደሚለው ጥያቄ ያደርሰናል። ጨዋታውን የሚያየው ማን ነው? ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው? ቡድኖቹ ሻንጣቸውን ጭነው ከሄዱ በኋላስ በከተማው ምን ይቀራል? ዛሬ የምናገረው በዚህ በሦስተኛው ጥያቄ ዙሪያ ነው።

የሄርሺ ምሽት

ነገሬን በአንዲት ትንሽ ከተማ ልጀምር። ሄርሺ በአሜሪካ የፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ ከፊላደልፊያ በስተምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ በቸኮላት ፋብሪካ ዙሪያ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የፋብሪካው መሥራች ሚልተን ሄርሺ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ለሠራተኛው ሥራ ይሆን ዘንድ ካስገነባቸው ታላላቅ ሕንፃዎች አንዱ በ1936 የተከፈተው የስፖርት አዳራሽ ነው።

ማርች 2 ቀን 1962 ምሽት ፊላደልፊያ ዋርየርስ ኒው ዮርክ ኒክስን በዚህ አዳራሽ ገጠመ። በመዝገብ የፊላደልፊያ የሜዳ ጨዋታ ነበር፤ ክለቡ ግን ከሜዳ ጨዋታዎቹ ጥቂቱን ወደ ሄርሺ እየወሰደ አዲስ ተመልካች ይፈልግ ነበር። በዚያ ምሽት ዊልት ቻምበርሌን ብቻውን 100 ነጥብ አስቆጠረ። ከ63 ሙከራዎች 36ቱን፣ ከ32 ነፃ ውርወራዎች ደግሞ 28ቱን ከቅርጫቱ አገናኘ። ጨዋታው በዋርየርስ 169 ለ147 አሸናፊነት ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሊግ በአንድ ጨዋታ መቶ ነጥብ የደረሰ ሌላ ተጫዋች የለም።

ይህን ታሪክ ያዩት 4,124 ሰዎች ናቸው፤ አዳራሹ እንኳ አልሞላም ነበር። በቴሌቪዥን አልተላለፈም፣ በፊልምም አልተቀረጸም፤ የቀረልን የመጨረሻው ሩብ የሬዲዮ ድምፅ፣ የጨዋታው መዝገብና «100» ተብሎ የተጻፈበትን ወረቀት የያዘው የቻምበርሌን ፎቶግራፍ ነው። ስለ ክልል ከተሞች ጨዋታ ሲነሣ ይህ ምሽት እንደ ምስክር ይጠራል፤ ታላቅ ነገር በታላቅ ከተማ ብቻ እንደማይሆን ያስረዳልና።

ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም። የውድድር ዘመኑ ሲጠናቀቅ ዋርየርስ ፊላደልፊያን ራሷን ትቶ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ሄደ። ሄርሺ ያቺን ምሽት በእጇ አስቀርታለች፤ ቡድኑን ግን አላስቀረችም። እንግዲህ ለሚቀጥለው ሐተታዬ ይህንን ልዩነት እንድትይዙልኝ እለምናለሁ፤ አንድ ከተማ ትዝታን ሊያገኝ ይችላል፣ ስፖርቱን ግን ላያገኝ ይችላል።

ከትንንሽ ከተሞች የተነሣው ሊግ

ብዙ ሰው የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ከመነሻው የታላላቅ ከተሞች ንብረት የነበረ ይመስለዋል። እውነቱ ከዚህ የተለየ ነው። በ1949–50 የውድድር ዘመን በሊጉ ውስጥ ሺቦይገን፣ ዋተርሉና አንደርሰን የሚባሉ፣ ዛሬ ስማቸውን የምናውቅ ጥቂት የሆንን ከተሞች ቡድን ነበራቸው። ፎርት ዌይን፣ ሮቸስተርና ሲራክዩስም ነበሩ። ሊጉ ገቢው እያደገና የጉዞው ወሰን እየሰፋ ሲሄድ ትንንሾቹ ከተሞች አንድ በአንድ ወደቁ። በ1957 የፎርት ዌይን ቡድን ወደ ዲትሮይት፣ የሮቸስተር ቡድን ወደ ሲንሲናቲ ሄዱ። ዋርየርስ ፊላደልፊያን ጥሎ በሄደ በዓመቱ፣ በ1963፣ ክፍተቱን የሞላው ከሲራክዩስ የተወሰደው ቡድን ነው፤ ዛሬ ሰቨንቲ ሲክሰርስ የምንለው እርሱ ነው። ትልቋ ከተማ ቡድኗን ባጣች በዓመቱ ሌላ አገኘች፤ ሲራክዩስ ግን ምትክ አላገኘችም።

ስለዚህ «ሊጉን ወደ ክልል እንውሰድ» የሚለው ሐሳብ ለትንሽ ከተማ የሚደረግ ችሮታ ተደርጎ ሲቀርብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ሊጉ ወደ ክልል የሚወጣው ከዚህ ቀደም የወሰደውን ሙሉ ነገር በቁንጽል እየመለሰ ነው። ለመውጣቱም የራሱ ምክንያቶች አሉት። አንደኛው የተመልካች ቁጥር ነው፤ በዋናው ከተማ ወንበር ባዶ ሲሆን በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ጨዋታ የሚያይ ከተማ አዳራሹን ይሞላል። ሁለተኛው ገበያ ነው፤ በቴሌቪዥን የሚከታተለው፣ መለያ የሚገዛው ደጋፊ በአንድ ከተማ ተወስኖ እንዲቀር ክለቡ አይፈልግም። ሦስተኛው ስፖርቱን የማስፋፋት ዓላማ ነው። ሦስቱም ሕጋዊና ተገቢ ምክንያቶች ናቸው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሊጉ ጥቅሞች ሲሆኑ የከተማው ጥቅም የሚገኘው በሦስተኛው ውስጥ ብቻ ነው። ከስብሰባ አዳራሽ ወደ ሥራ ሲወረድ ቶሎ የሚረሳውም ይኸው ሦስተኛው ነው።

አንድ ክለብ፣ ብዙ ቤት

ሁለተኛው መንገድ አንድ ክለብ ከአንድ በላይ ከተማን ቤቱ አድርጎ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ይህም ተሞክሯል። በ1972 የሲንሲናቲው ቡድን ወደ መካከለኛው ምዕራብ ሲዛወር ስሙን ካንሳስ ሲቲ–ኦማሃ ኪንግስ አለና የሜዳ ጨዋታዎቹን 300 ኪሎ ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት ከተሞች ከፈላቸው። ቡድኑ ደካማ ስለነበር ነው እንዳይባል በመጀመሪያው ዓመት ኔት አርቺባልድ የሚባለው አጭሩ ተጫዋቹ በነጥብም፣ ለጎል አመቻችቶ በማቀበልም የሊጉ አንደኛ ሆነ፤ በአማካይ በጨዋታ 34 ነጥብና ከ11 በላይ ኳስ ማቀበል ማለት ነው። ሁለቱንም በአንድ ዓመት የመራ ሌላ ተጫዋች ሊጉ ዛሬም የለውም። ሆኖም በ1975 የኦማሃ ስም ከክለቡ ላይ ተነሣ፤ በ1985 ደግሞ ክለቡ ካንሳስ ሲቲንም ትቶ ወደ ሳክራሜንቶ ሄደ።

በዚያው ዘመን ተቀናቃኙ ሊግ፣ ኤቢኤ፣ ይህን አሠራር ከዚያ በላይ ለጥጦ ሞከረው። ካሮላይና ኩገርስ በግሪንስቦሮ፣ በሻርሎትና በራሊ እየተዘዋወረ ይጫወት ነበር። ቨርጂኒያ ስኳየርስ በኖርፎክ፣ በሐምፕተን፣ በሪችመንድና በሮአኖክ ይጫወት ነበር። ስኳየርስ ጁሊየስ ኧርቪንግን የመሰለ ተጫዋች ያስተዋወቀ ክለብ ነው፤ ገንዘብ ሲያጥረው ግን በ1973 ለኒው ዮርክ ሸጠው፤ በ1976 ሁለቱ ሊጎች ሊዋሐዱ ጥቂት ሲቀር ፈረሰ። ኩገርስም ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በሽያጭ ወደ ሴንት ልዊስ ሄዶ ነበር።

አባቶቻችን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው። ክለቦቹ የፈረሱበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የተቀናቃኙ ሊግ የገንዘብ አቅም በአጠቃላይ ደካማ እንደነበር መዘንጋት አይገባም። ነገር ግን ከደጋፊው ወገን ሆነን ስናየው አንድ ጥብቅ ትምህርት አለ። በአራት ከተሞች የሚጫወት ቡድን የአራቱም ነው ለማለት ቢሞከርም እያንዳንዱ ከተማ የራሱን ሩብ ብቻ ነው የሚያየው። የዓመት ትኬት የሚገዛ ደጋፊ የሚፈጠረው በልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ድግግሞሽን ይፈልጋል። ዛሬ እዚህ፣ በሚቀጥለው ሳምንት 100 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚጫወት ቡድን ጎረቤት መሆኑ ይቀርና ዘመድ ይሆናል፤ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

የተለየ ውጤት ያሳየው የቦስተን ሴልቲክስ ነው። ከ1975 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት ያህል በየዓመቱ ጥቂት ጨዋታዎችን በኮኔቲከት ግዛት በሃርትፎርድ ያደርግ ነበር። የክለቡ ቤት ቦስተን መሆኑ አንድ ቀን እንኳ አላጠያየቀም፤ ሃርትፎርድም በየዓመቱ እንግዳው እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ድርሻቸውን ለይተው ስላወቁ ዝግጅቱ ዕድሜ አገኘ። ከዚህ የምንማረው ለእንግዳ ጨዋታ ዋናው ነገር ብዛቱ እንዳልሆነ ነው። የሚመጣበት ጊዜ የታወቀና በየዓመቱ የማይቋረጥ መሆኑ ይበልጣል።

የባለቤቱን ከተማ ስጋትም ማድመጥ ያስፈልጋል። በ2023 የቴክሳሱ ሳን አንቶኒዮ ስፐርስ 130 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በኦስቲን ሁለት ጨዋታ ለማድረግ የአዳራሹ ባለቤት የሆነውን የአውራጃ አስተዳደር ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። የሳን አንቶኒዮ ሰው «ዛሬ ሁለት ጨዋታ፣ ነገ ቡድኑ በሙሉ» ብሎ መጠርጠሩ አያስደንቅም፤ ከላይ ያነሣኋቸውን ከተሞች ታሪክ የሰማ ሰው እንዲህ ቢያስብ አይፈረድበትም። ስለዚህ ፈቃዱ በጽሑፍ፣ ቁጥሩ በገደብ መሆኑ የሚያስመሰግን አሠራር ነው።

ተሰባስቦ መጫወት

ሦስተኛው መንገድ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ነው፤ ሁሉም ቡድኖች በአንድ ከተማ ተሰባስበው ተጫውተው ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳሉ።

የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ የተመሠረተው በዚህ አሠራር ነው። የመጀመሪያው ውድድር በ2020 በበርካታ የአፍሪካ ከተሞች እየተዘዋወረ እንዲካሄድ ታቅዶ ነበር፤ በወረርሽኙ ምክንያት ተራዝሞ በግንቦት 2021 አሥራ ሁለቱም ክለቦች ኪጋሊ ላይ ተሰባስበው ተጫወቱ፤ የግብፁ ዛማሌክም ዋንጫውን ወሰደ። ከዚያ በኋላ ዳካርና ካይሮ፣ ቀጥሎም ፕሪቶሪያ፣ ቀጥሎም ራባት የምድብ ጨዋታዎችን አስተናገዱ። የፍጻሜው ምዕራፍ አራት ዓመት በተከታታይ ኪጋሊ ላይ ከተደረገ በኋላ በ2025 ወደ ፕሪቶሪያ ሄደ፤ የሊቢያው አል አህሊ ትሪፖሊም አሸነፈ።

ኪጋሊን ልብ ብለን እንያት። በ2019 የተከፈተው፣ 10,000 ያህል ተመልካች የሚይዘው አዳራሿ ሊጉ ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ነው። የአገሯ ክለቦች፣ መጀመሪያ ፓትሪዮትስ፣ ቀጥሎ አርኢጂ፣ ቀጥሎም ኤፒአር፣ በውድድሩ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ የኪጋሊ ተመልካች የሌሎችን ጨዋታ እንዲያይ ብቻ አልተጋበዘም፤ የራሱን ቡድን ከግብፅና ከቱኒዚያ ክለቦች ጎን አሰልፎ አየ። ሊጉ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድም አዳራሹ፣ የአገር ውስጥ ሊጉና ክለቦቹ አብረውት አልሄዱም።

በአገራችን ይህን አሠራር ያየነው በእግር ኳስ ነው። በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ የደርሶ መልስ አሠራርን ትቶ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ ተራ በተራ ተካሄደ። ምክንያቱ ወረርሽኙና አዲስ የተጀመረው የቀጥታ ቴሌቪዥን ስርጭት ነበሩ፤ ካሜራና ባለሙያ በአንድ ሳምንት ወደ ብዙ ከተማ ማድረስ አይቻልምና። ጥቅሙን መካድ አይገባም። ጨዋታው በየቤቱ ታየ፤ አስተናጋጆቹ ከተሞች ሜዳቸውን አሻሻሉ፤ ሆቴሉም፣ ባለ ባጃጁም፣ ጀበና ጥዳ የምትውለውም እናት ሥራ አገኙ።

ነገር ግን ጉዳቱን የሚያውቀው የክለቡ ደጋፊ ነው። ክለቡ ዓመቱን በሙሉ በሰው አገር ሲጫወት እርሱ የሚያየው በቴሌቪዥን መስኮት ነው። «ባለሜዳ» የሚለው ቃል በመርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ ቀረ እንጂ በሜዳው ላይ ትርጉሙን አጣ። አስተናጋጅ የሆነው ከተማም ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት በጉጉት ይወጣል፤ በየቀኑ የማያውቃቸው ሁለት ቡድኖች ሲጫወቱ ግን ወንበሩ ይሳሳል። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው እንደተባለው መሆኑ ነው።

ከአገር ውጭም ተመሳሳይ አሠራር ያለው፣ ነገር ግን የሰመረ የእኛው ምሳሌ አለ። በሰሜን አሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከ1984 ጀምሮ ዓመታዊ የስፖርት በዓላቸውን በየበጋው ከከተማ ወደ ከተማ እያዘዋወሩ ያከብራሉ። እንዲሰምር ያደረገው ምንድን ነው? ወደ ከተማው የሚጓዙት ቡድኖች ብቻ አይደሉም፤ ደጋፊውም አብሮ ይጓዛል፤ ያን ጊዜ የሚጠብቀውም ዘመድ አዝማድ የሚያገኝበት በዓል አድርጎ ነው። በዓል በዓመት አንድ ጊዜ ከተማ ቢቀያይር ያምርበታል። ሊግ ግን የዘወትር ነገር ነው፤ የዘወትር ነገር ደግሞ ቤት ይፈልጋል።

የወለሉ ስሌት

አሁን ወደ ቅርጫት ኳስ ልመለስና ከእግር ኳስ የሚለይበትን ነገር ላስረዳ፤ የአንዱን መርሐ ግብር ገልብጦ ለሌላው መስጠት የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነውና።

የቅርጫት ኳስ ሜዳ ርዝመቱ 28 ሜትር፣ ወርዱ 15 ሜትር፣ ስፋቱም 420 ካሬ ሜትር ነው። ለዓለም አቀፍ ጨዋታ የሚመረጠው የእግር ኳስ ሜዳ 105 በ68 ሜትር፣ ማለትም 7,140 ካሬ ሜትር ነው። የአንድ የእግር ኳስ ሜዳ ስፋት የ17 የቅርጫት ኳስ ሜዳዎችን ስፋት ያክላል ማለት ነው። አንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ለጨዋታ የሚያስመዘግበው 12 ተጫዋች ነው፤ አሠልጣኞቹና የሕክምና ባለሙያው ተጨምረው በአንድ መለስተኛ አውቶቡስ ይጓዛሉ። ስለዚህ ክልል ከተማ የቅርጫት ኳስ ሊግ ለማስተናገድ ስታዲየም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ጣሪያ፣ ደልዳላ ወለል፣ መብራትና ሁለት ደኅና ቅርጫት ነው።

ይህ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ያለው ግን እዚሁ ላይ ነው። በአገራችን የቅርጫት ኳስ የኖረው በትምህርት ቤት ግቢ፣ በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ይቆማል፤ ፀሐይ ሲበረታ ይታከታል። ሲሚንቶ ጉልበትና ቁርጭምጭሚትን ይጎዳል፤ ኳሷንም ቶሎ ይበላታል። ቀለበቱ ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለት ሲገባው ሜዳው በተደጋጋሚ ሲለሰን ዝቅ ይላል፤ ወይም ልጆች ተንጠልጥለውበት ይጎብጣል። በጎበጠ ቀለበት ተኩስ የተማረ ልጅ ደረጃውን የጠበቀ አዳራሽ ሲገባ ውርወራውን እንደ አዲስ ይማራል።

እንግዲህ ሊጉ ወደ አንድ ከተማ ሲመጣ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። ተንቀሳቃሽ ወለልና ቅርጫት በመኪና ጭኖ አምጥቶ ከጨዋታው በኋላ ጭኖ ይመለሳል፤ ያለዚያም በዚያው ገንዘብ በከተማው ያለውን አንድ አዳራሽ አሳድሶ ትቶ ይሄዳል። የመጀመሪያው ለቴሌቪዥን ያምራል፤ በዓመትም ለሁሉም ከተማ አንድ ወለል ይበቃል። ሁለተኛው ዝግ ያለና ውድ ነው። ነገር ግን ከጨዋታው ማግስት ጀምሮ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ የሚሠለጥኑ ልጆችን የሚያስተናግደው ሁለተኛው ብቻ ነው። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ አሥር ከተማ ከማዳረስ ሦስት ከተማ ላይ ወለል ማስቀረት ይሻላል ባይ ነኝ።

የመንገዱ ስሌት

«ደርሶ መልስ ይሁን ካልን የጉዞውን ወጪ ማን ይችላል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። በቁጥር እንየው።

አሥር ክለቦች ያሉት ሊግ በደርሶ መልስ 90 ጨዋታ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱ ክለብ ከሜዳው ውጭ ዘጠኝ ጊዜ ይጫወታል። በየጨዋታው ሄዶ መመለስ ካለበት ዘጠኝ ጉዞ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ለረጅም ዘመን የተሠራበት «የጉዞ ጥንድ» የሚሉት ዘዴ አለ፤ የሚቀራረቡ ሁለት ከተሞች ይጣመሩና እንግዳው ቡድን በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ይገጥማል። አዳማና ሐዋሳ ቢጣመሩ እንግዳው ቅዳሜ አዳማ፣ እሑድ ወይም ሰኞ ሐዋሳ ይጫወታል፤ መንገዱም አንድ ነው። አሥሩ ክለቦች አምስት ጥንድ ሲሆኑ አንድ ክለብ አራቱን ሌሎች ጥንዶች በአራት ጉዞ ይጨርሳል፤ አንዷን ለጥንዱ ይጨምራል። ዘጠኙ ጉዞ አምስት ሆነ ማለት ነው።

በአንጻሩ ሁሉም በአንድ ከተማ ይሰባሰቡ ብንል በቀን አምስት ጨዋታ ተደርጎ እንኳ 90ው ጨዋታ 18 የጨዋታ ቀን ይፈጃል። ተጫዋቹ በየቀኑ መጫወት ስለማይችል ዕረፍቱ ሲጨመር ከአንድ ወር በላይ ነው። የአሥር ክለብ የአንድ ወር የሆቴል፣ የምግብና የአበል ወጪ ከአምስት አጫጭር ጉዞዎች ጋር ሲነጻጸር ርካሽ መሆኑ በጣም ያጠራጥራል። ለእግር ኳስ የሠራው ስሌት ለቅርጫት ኳስ ላይሠራ የሚችለው ለዚህ ነው።

በእርግጥ ይህ ዘዴ የራሱ ጉድለት አለው። በተከታታይ ቀን መጫወት ተጫዋችን ያደክማል፤ ሁለተኛው ባለሜዳ ደክሞ የመጣ ቡድን ስለሚገጥመው ያልተገባ ጥቅም ያገኛል። ስለዚህ በመጀመሪያው ዙር አዳማ ቀድማ ብታስተናግድ በሌላው ጥንድ ጉዞ ሐዋሳ እንድትቀድም ተራው መመዘን አለበት። እንደዚሁም በሩቅ ላሉ ከተሞች መንገድ የማይመች ወይም ጸጥታ የማያስተማምን በሚሆንበት ጊዜ ተሰባስቦ መጫወት የግድ ይሆናል። እኔ የምለው ተሰባስቦ መጫወት ችግር ሲያስገድድ የሚወሰድ አማራጭ ይሁን፣ ቋሚ ሥርዓት ግን አይሁን ነው።

ለሚያስተናግዱ ከተሞች አራት ጥያቄዎች

የከተማ አስተዳደሮች «ሊጉን እናስተናግድ» የሚል ጥያቄ ሲቀርብላቸው ከመፈረማቸው በፊት አራት ነገር እንዲጠይቁ አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ወለሉ የማን ነው? የተነጠፈው ነገር ተነሥቶ የሚሄድ ከሆነ ከተማው የከፈለው ለአንድ ትርኢት ነው፤ ዋጋውም እንደ ትርኢት ዋጋ ይታሰብ።

ሁለተኛ፣ የሚቀሩት ባለሙያዎች እነማን ናቸው? አንድ ጨዋታ በሜዳ ላይ ከሚፈርዱት ዳኞች ሌላ በጠረጴዛ ዙሪያ ነጥብ የሚመዘግብ፣ ሰዓት የሚይዝ፣ የ24 ሰከንዱን ሰዓት የሚቆጣጠር ሰው ይፈልጋል። ሊጉ እነዚህን ከዋናው ከተማ ጭኖ ካመጣ ጭኖ ይመለሳል። ከጨዋታው ሳምንታት ቀደም ብሎ የከተማውን የስፖርት መምህራን አሠልጥኖ ጠረጴዛውን ለእነርሱ ቢያስረክብ ግን በሚቀጥለው ዓመት ከተማው የራሱን የትምህርት ቤቶች ውድድር በደንብ ይመራል።

ሦስተኛ፣ የከተማው ቡድን በውስጡ አለን? ከሌለ ከዋናው ጨዋታ በፊት የከተማው የወጣቶች ቡድን፣ የሴቶችም የወንዶችም፣ በዚያው ወለል፣ በዚያው ተመልካች ፊት ይጫወት። በተለይ የሴቶችን ሊግ ከወንዶቹ ጋር በአንድ ጉዞ ማጣመር ወጪ ይቆጥባል፤ ከዚያም በላይ ስፖርት ለወንድ ልጅ ነው የሚባልበት ቤት ያለች ልጅ አዳራሽ ሙሉ ሰው ለሴት ሲያጨበጭብ እንድታይ ያደርጋታል።

አራተኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት ትመለሳላችሁን? መልሱ «እናያለን» ከሆነ ውሉ አልተሟላም። ቀኑ የታወቀ አንድ ጨዋታ በየዓመቱ መምጣቱ ዘንድሮ መጥተው ዳግም ከማይመለሱ አሥር ጨዋታዎች ይበልጣል።

ማጠቃለያ

ወደ ሄርሺ ተመልሼ ንግግሬን ልደምድም። ቻምበርሌን መቶ ነጥብ ያስቆጠረበት አዳራሽ ለቅርጫት ኳስ የተሠራ አልነበረም። የበረዶ ሆኪ ቤት ነበር፤ ከ1938 ጀምሮ ሄርሺ ቤርስ የሚባለው ክለብ በከተማዋ ስም በሊጉ ይጫወታል። በዓለም ዙሪያ ያለ የስፖርት ወዳጅ ሄርሺን የሚያስታውሳት በዚያች በአንዲት የቅርጫት ኳስ ምሽት ነው። የሄርሺ ሰው ግን ልጁን ይዞ፣ ዓመት ቆጥሮ፣ ክረምት ከበጋ የሄደው ወደ ሆኪው ነው። ታላቁን ምሽት ያመጣው ክለብ በወራት ውስጥ የአህጉሩ ሌላ ዳር ደረሰ፤ ዓለም ያላወቀው የከተማዋ ክለብ ግን ወደ አዲስ አዳራሽ ተዛውሮ ዛሬም እዚያው አለ።

በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለቱም ነበሩ፤ አንዱ እንግዳ፣ ሌላው ባለቤት። እንግዳን መቀበል ባህላችን ነው፤ ሊጉም ወደ ጅማ፣ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ሐዋሳ ይምጣ፣ በክብር እንቀበለው። ነገር ግን ስንቀበለው የሚቀመጥበትን ብቻ ሳይሆን ትቶልን የሚሄደውንም አስቀድመን እንነጋገር። በእንግዳው ፊት ያጨበጨበች ልጅ በማግስቱ ኳሷን ይዛ ስትመጣ የአዳራሹ በር ተቆልፎ ካገኘችው ትርኢት አሳየናት እንጂ ስፖርት አልሰጠናትም። በሩ ክፍት፣ ወለሉ ደልዳላ፣ ቀለበቱም ልኩን የጠበቀ ሆኖ ካገኘችው ግን ያን ዕለት ሊጉ በእውነት ወደ ከተማው መጥቷል።